ማን ነገረህ

እናቴ የደወለችልኝ ሥራ ቦታ ሆኜ ነበር። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። «ማን ነገረህ አረፉ» አለችኝ። «ዛሬ ንጋት ላይ። ከሰዓት ይቀበራሉ።» ከዚያ ድንኳኑ የት እንደተተከለና አባቴ እኔን ይዞኝ ለመሄድ እንደሚጠብቀኝ ነገረችኝ። ስማቸውን እንዳልጠራች ያስተዋልኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰፈራችን በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ልጅ አዋቂው «ማን ነገረህ» ነው የሚላቸው። ብዙዎቹ ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ስማቸው ሸምሱ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ባቲላሜራ።

ጋራዣቸው ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጋራዥ ካልነው ማለቴ ነው። ሦስት ወገኑ ቆርቆሮ፣ አንድ ወገኑ ክፍት፤ የሚይዘው አንድ መኪና ብቻ፤ ሁለተኛ ከመጣ አፍንጫው አስፋልት ላይ ይቀራል። ባቲላሜራ የተጨረማመተ የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቃና ባለሙያ ነው። እሳቸው ግን የግጭት ሥራ ብዙም አይማርካቸውም። «ግጭት የአንድ ቀን ስህተት ነው፤ መዶሻ ይበቃዋል» ይላሉ። የእሳቸው ጉዳይ ከዝገት ጋር ነበር። አጭር ናቸው፤ የጣቶቻቸው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ቡናማ ቀለም በአረፋም በሠርግም አይለቅም። ሰው ሲያናግራቸው ደግሞ ዓይኑን ትተው አፉን ነው የሚያዩት። ልጅ ሳለሁ ጥርሴ ላይ ምግብ የቀረ እየመሰለኝ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር።

መጀመሪያ የተዋወቅነው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የከሰል ምድጃችን ወለሉ ተበልቶ ፍሙ መሬት ይወርድ ስለነበር እናቴ አስይዛ ላከችኝ። ጋሽ ሸምሱ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚኒባስ በር ይቀጠቅጣሉ። «እንደምን ዋሉ?» አልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ማለት አፈርኩ። ምድጃዬን ታቅፌ ቆምኩ፤ ክንዴ እስኪዝል፣ ጥላሸቱ የትምህርት ቤት ሹራቤ ላይ እስኪታተም ቆምኩ። ዞር ሲሉ ደነገጡ።

«መቼ መጣሽ?»

«አሁን።»

«እ?»

«አሁን ነው።»

«ጮክ በይ እንጂ ልጄ! እጅሽንም ከአፍሽ ላይ አንሺ። ሰው ሲያወራ አፉን ይከድናል እንዴ?»

ምድጃውን ተቀብለው አስቀመጡና ወደ ሚኒባሱ በር ጠሩኝ። በመዶሻው እጀታ የላይኛውን ክፍል መቱት። ቀጥለው ታችኛውን፣ ከጠርዙ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን መቱት።

«ምን ይላል?» አሉኝ፣ አፌን እያዩ።

«የላዩ ጥርት ያለ ነው። የታቹ… እርጥብ ካርቶን የመቱ ይመስላል።»

«ጎሽ» አሉ። በኖራ ታችኛው ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረጉ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ነይ ስሚልኝ!» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ሙያ የሚያስተምሩኝ ይመስለኝ ነበር። ወራት ከፈጀ በኋላ ነው እያስተማሩኝ ሳይሆን እየጠየቁኝ እንደነበር የገባኝ። አንድ ቀን አንድ አይሱዙ ከኋላቸው ጡሩንባውን ነፋ፤ እኔ ዘለልኩ፤ እሳቸው ከብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ቀና አላሉም። ፊቴን ሲያዩ ማወቄን አወቁ።

«አርባ ዓመት ላሜራ ጆሮዬ ላይ ጮኸ» አሉኝ። «ወፍራሙን ድምፅ ጥቂት እሰማለሁ። ቀጭኑ ሄዷል። ሰው እንደሆነ አፉን ካየሁ ይገባኛል። ላሜራ ግን አፍ የለው።» ቆይተው ደግሞ፣ «ከድጃና አንቺ ብቻ ናችሁ የምታውቁት። ባቲላሜራው ደንቁሯል ከተባለ መኪናውን ማን ያመጣልኛል?»

እትዬ ከድጃ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ለማንም እንደማልናገር ማልኩ። መማል አያስፈልገኝም ነበር፤ መናገር የማልችል ልጅ ነበርኩ።

ምልክት ፈጠርን። እሳቸው ይመታሉ፤ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ አገጬን ከፍ አደርጋለሁ፤ ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ መሬት አያለሁ። እኔ ዘወትር መሬት የማይ ልጅ ስለነበርኩ ማንም አልጠረጠረንም።

ሾፌሮች በዝገቱ ላይ ስቱኮ ለጥፈው ቀለም እንዲቀቡላቸው ይለምኗቸው ነበር። ስቱኮ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ተፈግፍጎ ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ዝገት ግን ሥራውን አያቆምም። የአንድ ሚኒባስ ወለል ተበልቶ መንገዱ ይታይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዝም ብለህ ስቱኮ ጣልበት» አለ ሾፌሩ። «ቦሎ እስካወጣበት ነው።»

«ባይደፈን ነው የሚሻልህ» አሉት። «ፍሬኑ እምቢ ሲልህ ተሳፋሪው በእግሩ ያቆምልሃል።»

ረዳቱ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ እየተራገመ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጋሽ ሸምሱ የበሰበሰውን ቆርጠው አወጡ፣ አዲስ ላሜራ በየዱ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈጉ፣ አንቲረስት የሚባለውን ቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ። ከሥር የተቃጠለ ዘይት ረጩበት። ሾፌሩን ሲሸኙት የሚሉት አንድ ነው፤ «ከክረምት በኋላ የጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ያለውን ጭቃ አውጣ። ጭቃ ውኃ አዝሎ የሚቀመጥ ስፖንጅ ነው።»

ለዝገት ቀንና ወቅት ነበራቸው። በሐምሌ ቀለም አይቀቡም፤ «እርጥበቱን አብረን እንቀብረዋለን» ይላሉ። በበሩ ታችኛ ጠርዝ የተሠሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ በሚስማር ይከፍታሉ። «ብረትን ውኃ አይገድለውም። የሚገድለው ውኃው መውጫ ሲያጣ ነው።» ሰው ቤት ሲጠሩ እንኳ አርፈው አይቀመጡም ነበር። ግቢ ውስጥ ውኃ ያቆረ ባኞ ካዩ ይደፉና ገልብጠው ያስቀምጡታል፤ መጥረቢያ መሬት ላይ ካዩ ድንጋይ ላይ ያነሱታል፤ የምድጃ አመድ ያደረ እንደሆነ የቤቱን እመቤት ይቆጣሉ። «አመድና ጤዛ ከተጋቡ ዝገት ነው የሚወልዱት!» እናቴ በሰዓቱ ትስቅና እሳቸው ሲወጡ አመዱን ትደፋዋለች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ እንደደረሰኝ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው።

«ታዲያ ስለ ዝገት ምን ይላሉ እዚያ?»

«ብረቱ ከአየርና ከውኃ ጋር ተዋህዶ…»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። መድኃኒቱን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ውኃና አየር እንዳይደርስበት መከላከል ነው የሚሉት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አራት ዓመት ነው ለዚህ የሚያስቀምጡሽ?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ የአንድ ፒክአፕ ጎን መትተው አፌን አዩ። አገጬን ከፍ አደረግሁ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደርሻለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ስማር የእህቴ ሠርግ በጥር ተቆረጠ። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግቢያችን ውስጥ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን በአራት የብረት እግር ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሮቶ አለን። እግሮቹ ቱቦላሬ ናቸው፤ ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት። የሠራልን በያጅ የላይኛውን አፍ አልደፈነውም ነበር፤ ስለዚህ ዝናቡ ከላይ ገብቶ እግሩ ሥር ይጠራቀም ነበር። ያን ጊዜ ይህን ያወቀ አልነበረም። የሚታየው ቀለሙ መላላጡ ብቻ ነው። አባቴ በሠርጉ ሰው ፊት እንዳያፍር ጋሽ ሸምሱን ጠራቸው።

ሠርጉ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሮቶው ሙሉ ነበር፤ ቀጣዩ ፈረቃ ከሠርጉ በኋላ ነው።

«ቀለም ብቻ ነው ጋሽ ሸምሱ» አለ አባቴ። «ሌላ ነገር እንዳይነኩ። ውኃው ከፈሰሰ ሠርጉን በምን እናደርገዋለን? በጠላ እጅ አናስታጥብ።»

«ልየው መጀመሪያ» አሉ። መዶሻቸውን አወጡ። እኔ የሽቦ ብሩሹን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ።

የመጀመሪያውን እግር መቱ። አገጬን ከፍ አደረግሁ። ሁለተኛውን። ከፍ አደረግሁ። ሦስተኛውን። አራተኛው፣ በተከራያችን በእታገኝ ክፍል በኩል ያለው፣ ከሥሩ ሲመታ ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። እርጥብ ካርቶን።

ጋሽ ሸምሱ ፊቴን አዩ። አባቴም የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የሁላችንንም መቆም ትዕግስት አጥቶ፣ «እህስ?» አለ። መሬት ካየሁ ምን እንደሚከተል አውቄው ነበር። እግሩ ይቆረጣል። ለመቁረጥ ሮቶው ይወርዳል። ለማውረድ ውኃው ይፈስሳል። አባቴ «በስብሷል ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል። እኔ መልስ መስጠት ይኖርብኛል። የጋሽ ሸምሱ ምስጢር ሳይወጣ ደግሞ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ይሄን ሁሉ አስቤዋለሁ ብል ግን ራሴን ማሳመር ይሆንብኛል። የፈራሁት የአባቴን ድምፅ ነው።

አገጬን ከፍ አደረግሁ።

ጋሽ ሸምሱ አመኑኝ። ፈገፈጉት፣ አንቲረስት ቀቡት፣ በላዩ ሰማያዊ ቀለም አደረጉበት። ሠርጉ አለፈ። ሮቶውን ያየ ሁሉ አዲስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሠርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ትንሣኤ መጣ። ፈተና መጣ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ስንወጣ አራተኛው እግር ከሥሩ ታጥፎ ሮቶው ወድቋል፤ የእታገኝን ክፍል ግድግዳ ደርምሶታል። እታገኝ እዚያው ሥር ልብስ ስታጥብ ነበር። አልሞተችም፤ ቀኝ እግሯ ግን እስከ ዛሬ እንደበፊቱ አልሆነም፤ ስትራመድ የሚያውቃት ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል።

እሷን ወደ ሐኪም ቤት ከላክን በኋላ አባቴ ጋሽ ሸምሱን አስጠራቸው። ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ገብቶ ነበር። መጡ፤ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ በተሰበረው ቱቦላሬ ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። ቡናማ ውኃና እንደ ቅርፊት የተነባበረ ዝገት ወጣ። ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

አባቴ ከፊታቸው ቆመ። እሳቸውን አንቱ ከማለት ሌላ አያውቅም ነበር።

«ደንቆሮ!» አላቸው። «አንተ ደንቆሮ!»

አባቴ እንደማንኛውም የተናደደ ሰው «የማታውቅ፣ የማይገባህ» ማለቱ ነው። ጋሽ ሸምሱ ግን አፉን አይተው ቃሉን አነበቡ። ፊታቸው ደም አጣ።

«ማን ነገረህ?» አሉት።

ሰዉ አላዋቂነታቸውን ያመኑ መሰለው። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። «ሰማችሁ? ማን ነገረህ አለ እኮ!» አንድ የታክሲ ረዳት ለጓደኛው ደገመለት፤ ጓደኛው ለሌላው። እታገኝ ቆስላ በወጣችበት በር ሥር ሰው ይስቅ ነበር። ጋሽ ሸምሱ የሚስቀውን ሰው አፍ በአፍ ዞረው አዩ። በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሱ። እጄ አፌ ላይ ነበር።

«ልጅቷ ደህና ነው ብላኝ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። መዶሻቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ስማቸው ማን ነገረህ ሆነ። ሾፌሮች ሲያልፉ መስኮት ዝቅ አድርገው «ማን ነገረህ!» ይላሉ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ከሰጡ አይሰሙትም፤ ሰዉ ግን ያኮረፉ ስለሚመስለው ይበልጥ ይስቃል። መኪና መምጣቱን አቆመ። ለጥቂት ጊዜ ምድጃና የአልጋ ብረት ይሠሩ ነበር፤ በኋላ እሱም ቀረ። እታገኝን ሐኪም ቤት ብርቱካን ይዘው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋት ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እኔ ከእናቴ ጋር አንድ ጊዜ ነው የሄድኩት።

እኔ በጋራዡ በር ሳልፍ «እንደምን ዋሉ» እላለሁ። እጃቸውን ያነሳሉ። አፌን ማየት ግን ትተው ነበር። ብዙ ጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጃለሁ። የምላቸው ሁለት ነገር ነበረኝ፤ «እግሩ መበስበሱን ሰምቼ ነበር፤ ምስጢርዎን ግን አልተናገርኩም።» በጋራዡ ፊት ሁልጊዜ ሰው አለ፤ እሳቸው ካልሰሙኝ መጮህ ይኖርብኛል፤ ይህን ደግሞ በመንገድ ላይ እንዴት ይጮኹታል? እንዲህ እያልኩ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ።

እናቴ በደወለችልኝ ዕለት ለቅሶው ቤት ከአባቴ ጋር ገባሁ። ዝናብ ዘንቦ ነበር። ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ የእድሩ ሰው ስልክ ይዞ፣ «አዎ፣ ማን ነገረህ ቤት፤ ድንኳኑ ይታይሃል» ይላል፤ የሟቹ በር ከሱ አምስት እርምጃ አይርቅም።

«ስማቸው ሸምሱ ነው» አልኩ።

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። ሰዎች ቀና አሉ። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው፣ «ምን አለች? ጮክ በይ ልጄ» አሉ።

«ስማቸው ሸምሱ ነው!» ድምፄ ተሰነጠቀ። «የሮቶው እግር ደህና ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም ያጠፉት። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «አንቺ በብረት ምን አገባሽ? እሳቸው አይደሉ እንዴ ባለሙያው?»

መልስ ነበረኝ። መልሱ የእሳቸው ምስጢር ነው። አባቴ ክንዴን ያዘ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳቸው ነበር» አለ ለሰዉ። «ሐዘን ነው። ግቢ፣ ወደ ሴቶቹ ግቢ።» ሰዉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ወሬው ቀጠለ።

በረንዳው ላይ አንድ ባኞ ዝናብ አቁሮ ተቀምጧል። ደፋሁትና ገለበጥኩት። እትዬ ከድጃ ፍራሽ ላይ ሆነው በበሩ ያዩኝ ነበር። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እግዜር ያጽናዎት እንኳ ሳልል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በጣም ቀስ ብዬ፣ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ።

«እግሩንማ አውቆታል» አሉ። «ጣቱን የከተተ ዕለት ነው ያወቀው። ልጅ ናት፣ አባቷን ፈርታ ነው አለኝ። በሱ አልተቀየመሽም።» እርጥብ እጄን ይዘው ቆዩ። «ደንቆሮነቱን ለሰው ማውራትሽ ነው አንጀቱን ያሳረረው።»

«አላወራሁም። አባቴ ዝም ብሎ ስድብ ነው የተሳደበው። እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

እትዬ ከድጃ እጄን ለቀቁት።

«ታዲያ ይሄን ምነው ለሱ ባልሽው?»

«አፍሬ ነው። ሰው ይሰማል ብዬ… መጮህ አልቻልኩም።»

«መጮህ ለምን?» አሉኝ። «ሸምሱ እኮ አፍ እያየ ነው የሚሰማው። ድምፅ እንኳ ባታወጪ ይበቃው ነበር።»